ከጭረቱ በላይ ያለው ነጭ

ለማልረሳህ ባልንጀራዬ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ያ ዝናብ ሳይመጣ ቀድሞ የሚነግርህ ጉልበትህስ? አሁን ሲሚንቶ እንደምትሸከም አንድ ሾፌር ነግሮኝ ሳስበው ሰነበትኩ። እኛ ቤት ሁሉም ደህና ነው። ልጃችን ሁለት ዓመት ሞላት። አባቷ ድምፁ የማይሰማ፣ እናቷ ቁጥብ፣ እሷ ግን ጫማዋን አዙረው ካደረጉላት ሰፈር ትቀሰቅሳለች። ባለቤቴ «ይሄ እንኳ ከጓደኛህ የተጋባባት ነው» ትላለች፣ አይተሃት የማታውቃትን ልጅ። እኔም ደህና ነኝ ልበል። ደክሞኛል እንጂ ደህና ነኝ።

ሁለት ዓመት አንድ መስመር ያልጻፈ ሰው ዛሬ ምን ነካው ትል ይሆናል። መጥቼ በአፌ ልነግርህ አስቤ ነበር፤ አፌን ግን አንተው ታውቀዋለህ። ይህን ደብዳቤ ለማንም ብታስነብበው ደስ ይለኛልና አንተ የምታውቀውንም ጭምር ከሥሩ እጽፈዋለሁ።

አንተ ከሄድክ ወዲህ ጎማ ቤቱ ውስጥ ባላንስ ማሽኑ ላይ ብቻዬን ነኝ። ያደከመኝ ሥራው አይደለም፣ ሁለት ሰው መሆኑ ነው። ድሮ ተራ ጥሶ የሚገባ ሾፌር ሲመጣ አንተ ትጮህበታለህ፣ እኔ ወንበር ሰጥቼ አበርደዋለሁ። ደንበኛው ሁሉ «ባሩድና ውሃ» ያለን ወዶ አልነበረም። አሁን እኔው ጮኼ እኔው ይቅርታ እጠይቃለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዱ ታክሲ ነጂ ላይ ስጮህ ድምፄ መሃል ላይ ተሰበረብኝ። ሰውየው ደንግጦ አሞህ ነው እንዴ አለኝ።

መንገድ ሊሠራ ከሩቅ ምሥራቅ የመጣው መሐንዲስ ትዝ ይልሃል? አንተ ስትጮህ እኔ ዝም ብዬ ስሠራ አይቶ እየሳቀ፣ ጎማ የምናመለክትበትን ያንተን ነጭ ቀለምና የእኔን ጥቁር ተቀብሎ ግድግዳው ላይ ክብ የሳለው። ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር፤ በነጩ ውስጥ አንዲት ጥቁር ነጥብ፣ በጥቁሩ ውስጥ አንዲት ነጭ። ሾፌሩ እየተረጎመለት፣ አንዱ ፀሐይ የሚያርፍበት የተራራ ጎን ነው፣ ሌላው ጥላው፤ ተራራው ግን አንድ ነው አለን። አንተ ወዲያው ነጩ እኔ ነኝ አልክ። እኔ ደግሞ እናቴ፣ ጥላ የሌለው ፀሐይ ያሳብዳል፣ ፀሐይ የሌለው ጥላ ያሻግታል ትል እንደነበር ነገርኳችሁ። አንተ፣ እናትህ እቤቷ ቁጭ ብላ የጨረሰችውን ነገር ይሄ ሰውዬ ባሕር አቋርጦ አመጣልን ብለህ ከት ብለህ ሳቅህ። ሰውየው ሲተረጎምለት ለእናቴ ብሎ እጅ ነሳ። ነጥቦቹ ምን እንደሆኑ ግን ሳንጠይቀው የጎማው ሥራ አለቀለትና ሄደ። አሁን አሁን ይቆጨኛል።

ወደ ነገሬ ልግባ። ቡሎን ያጠበቀ ሰው የጎማው ብረት፣ ቸርኬው ላይ ምልክት ያደርጋል፣ አንተ በነጭ፣ እኔ በጥቁር። አለቃችን የማን እጅ እንደነካው የሚያውቀው በዚያ ነበር። እኔ ደግሞ አንድ አመል ነበረኝ፤ ቡሎኖቹን በእጄ አስገብቼ መጀመሪያ ምልክቱን እቀባና ከዚያ በመፍቻ አጠብቃለሁ። ስንት ጊዜ ጮህክብኝ! ምልክት የሥራ መቋጫ እንጂ መጀመሪያ አይደለም፣ አንድ ቀን ጉድ ያደርግሃል ትለኝ ነበር። እኔ ፈገግ እልና ዝም። ሰውም አንተን ግልፍተኛ፣ እኔን ጨዋ ይለን ነበር።

ባለቤቴ ምጥ የያዛት ቀን የአንዲት አስተማሪ መኪና የፊት ጎማ እያሰርኩ ነበር። ጥቁሩን ቀብቼ መፍቻውን ላነሳ ስል ስልክ ተደወለ። ጥዬ ሮጥኩ። በማግስቱ ጎማው ቁልቁለት ላይ ወልቆ አስተማሪዋ አጥር ገጭታ ቀኝ ክንዷ ተሰበረ። ወሬው ሐኪም ቤት ሲደርሰኝ እነዚያ ቡሎኖች ዓይኔ ላይ መጡ። ጎማ ቤት ስደርስ ግን መኪናው ተጎትቶ መጥቷል፣ አለቃችን ቸርኬው ላይ ያለውን ነጭ ምልክት በጣቱ እየወጋ ይጮህብሃል። አንተ፣ ብርጭቆ ተደፋ ብለህ ግማሽ ቀን የምትጮኸው ሰው፣ ዝም ብለህ እጅህን በጨርቅ ትጠርጋለህ። ቀና ብለህ አየኸኝና ልጅህ እንዴት ናት አልከኝ። ደህና ናት አልኩህ። ሌላ ምንም አላልኩም።

ከእኔ በኋላ እሱ ደግሞ ነክቶት ይሆናል፣ እሱም ዘንግቶ ይሆናል ብዬ ራሴን አባበልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የከተማው ጎማ ቤት ሁሉ፣ ከእንደዚያ ያለ ግልፍተኛ ምን ይጠበቃል እያለ በሩን ሲዘጋብህ አየሁ፣ ሻንጣህን ይዘህ ስትሄድም አየሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔስ ነቅዟል፣ ዱቄት ሆኗል።

ማክሰኞ ዕለት አለቃችን ከበርሜሉ ጀርባ የተከመረውን ብረት ለብረት ገዢው አውጣለት አለኝ። ያ የአስተማሪዋ መኪና ቸርኬ ከሥር ወጣ። በጨርቅ ጠረግኩት። ከቡሎኑ ቀዳዳ እስከ ጠርዙ ድረስ አስፋልቱ የፋቀው ጥልቅ ጭረት አለው። ነጩ ቀለም በጎን በኩል ተልጦ ከሥሩ የእኔ ጥቁር ብቅ ብሏል። ጥቁሩን ጭረቱ ለሁለት ቆርጦታል። ነጩ ግን አልተቆረጠም። ጭረቱ ውስጥ ገብቶ፣ ሞልቶት ደርቋል። ነጩ የተቀባው መኪናው ተጎትቶ ከመጣ በኋላ ነው።

ቸርኬውን ጭኔ ላይ አድርጌ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ደጅ ደንበኛ ጥሩምባ ይነፋል።

ከዚያ ተነስቼ አለቃችን ዘንድ ገባሁና ሁሉንም ነገርኩት። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ ጭረቱን በጥፍሩ ዳሰሰ፣ ለካ ያባረርኩት ያላጠፋውን ሰው ነው አለ። በየጎማ ቤቱ እየዞረ ስምህን እንደሚያጠራ ነግሮኛል፣ ትናንት ጀምሯል። ቦታህ እንዳለ ነው። እኔን ደግሞ አንተ እስክትመጣ ሥራው እንዳይቆም ቆይ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ባሩድ ይወስን አለኝ። አስተማሪዋም ቤት ሄጄ ነበር። ክንዷ ድኗል፣ ግን ከትከሻዋ በላይ አይነሳላትም፤ የምትጽፈው ሰሌዳው ታች ላይ ነው። አንተን ረግማህ እንደነበር ነገረችኝ። እርግማኑን አንስታለች። ወደ እኔ ታዙረው አታዙረው አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳት። ለባለቤቴ ስነግራት ልጅቷን አንስታ ወደ ውስጥ ገባች። ሲመሽ ወጥታ፣ ጻፍለት አለችኝ።

እኔና አንተ ሃያ ዓመት የሠራነው ሥራ ነው፤ ጎማ ሲያንቀጠቅጥ ከከበደው ጎን አይቀረፍለትም፣ ትይዩው ላይ የእርሳስ ክብደት ይለጠፍለታል። አንተ ራስህን ለጠፍክልኝ። እኔም ቀጥ ብዬ እየሄድኩ መሰለኝ።

ጉልበትህን ይጠብቅልህ። ሸክምህን ያቅልልህ፣ እጅህ የነካው ይባረክልህ፣ መንገድህን ቀና ያድርግልህ። ከግድግዳው ላይ ክቡ አልጠፋም፣ ቀለም እንቀባበት ሲሉ እኔ ነኝ የከለከልኩት።

ስትመጣ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። እንዳትመጣ ከወሰንክም አንድ ቃል ላክብኝ። ብትመጣ ግን አደራህን፣ የዚያን ቀን እንዳደረግከው እጅህን እየጠረግክ ዝም እንዳትለኝ። እንደ ድሮህ ጩህብኝ።

«ውሃ» የሚሉት ባልንጀራህ