ከውጭ የተቆለፈ ጓሮ

መጋቢት 3

ባለቤቴ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ወጣች። ቁልፉ ከውጭ ሁለቴ ዞረ። ምሳዬ ምድጃው ላይ፣ የጠዋቱ ኪኒን ብርጭቆው አጠገብ፣ ስልኩ ኪሴ ውስጥ። «ምድጃውን እንዳትነካው፣ እሺ? እኔ መጥቼ አሞቅልሃለሁ።» እሺ አልኩ። ከእሺ ሌላ ምን ቀረኝ?

ሃያ አራት ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁ። አሁን መስመሬ ከመኝታ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን ጓሮ ነው። ደርሶ መልስ። ጓሮው ርዝመቱ አስራ ሰባት እርምጃ፣ ወርዱ ዘጠኝ። ባለፈው ሳምንትም ለክቼው ነበር… አልጨመረም።

መጋቢት 5

ክፉ ሴት አይደለችም። እዚህ ልጻፈው፣ አንዳንዴ ስለምረሳው።

ባለፈው ወር ፀጉር ቆራጩ ደጃፍ ላይ ጣለኝ። ይሄ የሚጥል በሽታ ቦታ አይመርጥም። ሰዉ ሰክሮ ነው ብሎ ተራምዶኝ አለፈ አሉ። በመጨረሻ አንድ ደግ ሰው አንስቶ የወሰደኝ እሷ የምትሠራበት ሆስፒታል ነው። ካርድ ክፍል እንደተቀመጠች የባሏ ስም መጣላት። ከንፈሬ ተሰንጥቋል፣ አንድ እግር ጫማዬ የለም። በማግስቱ ቁልፍ ሠሪ ይዛ መጣች።

«ሰው እንደ ጉቶ ሲሻገርህ ከማይ፣ ተቆልፎብህ ብትጠላኝ ይሻለኛል» አለች።



መጋቢት 10

ዶማ አገኘሁ። ከዕቃ ቤቱ፣ ከአሮጌ ፍራሽ ሥር። በንዴት መቆፈር ጀመርኩ። ለምን እንደምቆፍር አላውቅም… ወደ ታች መንገድ ያለ ይመስል።

«አንተ ሰው፣ ጭቃ ላይ ምን ታደርጋለህ?»

ከግንቡ በላይ አንድ ራስ። ጎረቤታችን ናቸው፣ ጡረታ የወጡት የሂሳብ አስተማሪ። ጎመን በማስመሪያ እየለኩ ስለሚተክሉ እኔና ባለቤቴ በጓዳችን «እትዬ ማስመሪያ» ነው የምንላቸው። በርጩማ ላይ ቆመው ነው።

«አፈሩን ጨብጠው» አሉኝ። ጨበጥኩ። «አሁን በጣትህ ንካው።» ነካሁት። እንደ ሊጥ ጠፍጠፍ አለ። «አየህ? እርጥብ ነው። አሁን ብትቆፍረው ሲደርቅ ጡብ ይሆንብሃል። የበልግ አፈር አይቸኮልበትም። ሲፈረፈርልህ ትጀምራለህ።»

የሚያስቸኩለኝ ነገር ኖሮ ነው?

መጋቢት 13

ተፈረፈረ።

መጋቢት 15

ሦስት ቀን ቆፈርኩ። መዳፌ ውኃ ቋጠረ። ፍግ ከአፈሩ ጋር ቀላቅዬ አራት መደብ አወጣሁ። እትዬ ማስመሪያ በግንቡ ላይ አዩና «ሁለተኛው ጠሟል» አሉ። ሃያ አራት ዓመት ትልቅ አውቶቡስ በጠባብ ቦታ አቁሜ ማንም ጠሟል ብሎኝ አያውቅም። ግን ጠሟል። አቀናሁት።

የቆስጣ፣ የቲማቲም፣ የጎመንና የሽንኩርት ችግኝ በትሪ፣ የካሮት ዘር በወረቀት አቀበሉኝ። ቆስጣውን ነገ ተነገ ወዲያ ትከል አሉ። ቲማቲሙ ግን ቤት ውስጥ ያደገ ነው፣ በአንዴ አይወጣም። ዛሬ ሁለት ሰዓት ደጅ፣ ነገ ሦስት፣ ከዚያ አራት… ማታ ማታ ወደ ቤት። አስር ቀን ገደማ። «ፀሐይና ንፋስ መልመድ አለበት፤ አለበለዚያ ይጠወልግብሃል።»

ቲማቲሙ በአስር ቀን ነፃ ይወጣል። ቀናሁበት። በቲማቲም።

መጋቢት 18

ባለቤቴ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ እያለከለከች ደረሰች። በየቀኑ እንዲህ ነው፤ በምሳ ዕረፍቷ ሁለት ታክሲ ይዛ ትመጣለች፣ ምግብ አሙቃ፣ አይታኝ፣ ሁለት ታክሲ ይዛ ትመለሳለች። እሷ ቆማ ነው የምትበላው።

ዛሬ አፌ አላርፍ አለ። «ሞቼ እንደሆነ ልታዪ ነው የምትመጪው?»

«አዎ» አለች።

ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን አወለቀች። ተረከዟ ተልጧል። ሳልናገር በቀረሁ አልኩ… ለራሴ።

መጋቢት 22

ጥሩንባ መጣ። አብሮኝ የሚነዳ ነበር፣ ድምፁ ነው ስሙን ያወጣለት። በብረቱ በር ክፍተት በኩል እጄን ጨበጠኝ። እስር ቤት ሊጠይቀኝ የመጣ ነው የሚመስለው። እሱም ገብቶት ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ።

ያቺ ልብስ ሰፊ ከእግሯ ብረቱ ወጣላት አለኝ። ግን የስፌት መኪናዋን ፔዳል መርገጥ አቅቷታል። በእጇ ነው የምትሰፋው። መሪው ላይ እንዳለሁ ጥሎኝ አውቶቡሱ ቦይ ውስጥ ሲገባ ከፊት የተቀመጠችው እሷ ነበረች። ስምንት ወር ሆነው።

«አንተ ምን ታደርግ» አለኝ ሲሄድ። «ድንገት የመጣ ነገር ነው። ማንም አይፈርድብህም።»

ድንገት።

መጋቢት 23

ባለቤቴ ገበያ ናት። ልጻፈው።

ድንገት አልነበረም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ከመጣሉ በፊት ይሸተኛል። የተቃጠለ ጎማ። የተቃጠለ ነገር ሳይኖር። ከዚያ ግራ እጄ ይደነዝዛል። ከዚያ በኋላ ምንም አላውቅም። ከሽታው እስከ መውደቁ አንድ ደቂቃ ይሆናል። የመጀመሪያው ጊዜ መናኸሪያው ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነበር፣ ከአደጋው ሁለት ዓመት በፊት። ሁለተኛው መታጠቢያ ቤት… ለባለቤቴ ሳሙና አንሸራተተኝ አልኳት። ብናገር መንጃ ፈቃዴን ይነጥቁኛል። ስለዚህ አልተናገርኩም። አርባ ሰው ከኋላዬ አስቀምጬ ሁለት ዓመት ነዳሁ።

በዚያም ቀን ሸቶኛል። ድልድዩን ስሻገር። ዳር መያዝ እችል ነበር። ያልፋል አልኩ። አንድ ፌርማታ ነበር የቀረኝ።

ሐኪሙ «ከዚህ በፊት አጋጥሞህ ያውቃል?» አለ። በፍጹም አልኩ። ትራፊክ ፖሊሱ «ድንገተኛ ሕመም» ብሎ ጻፈ። ሰው ሁሉ አዘነልኝ።

መጋቢት 27

ቲማቲሙን ተከልኩ። ፀሐይ ሲበርድ ነው የሚተከለው። ግንዱ እስከ ታችኞቹ ቅጠሎች አፈር ውስጥ ይግባ፣ ከጎኑም ሥር ያወጣል አሉ እትዬ ማስመሪያ። አንዱን ከአንዱ ግማሽ ሜትር አራራቅኩ። መጀመሪያ ጉድጓዱን ውኃ፣ ከዚያ ችግኙን።

ባለቤቴ ወጥታ አየች። «እሰይ» አለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ይሆን?

ሚያዝያ 2

ወደቅኩ።

ቆስጣውን እያረምኩ ሸተተኝ። ቀና ብዬ ወደ ደረጃው ልሄድ ስል… ስነቃ አፈር አፌ ውስጥ ነው። አምስት ሰዓት ተኩል አልፏል። ምላሴን ነክሼዋለሁ። መደቡ ላይ የሰው ቅርጽ ታትሟል፤ ራስ፣ ትከሻ፣ ዳሌ። ዘጠኝ ቆስጣ ከሥሬ ተጨፍልቋል።

እሷ ስድስት ከሩብ ትደርሳለች። አፈሩን ደለደልኩ። የተረፈውን መልሼ ተከልኩ። ሸሚዜን ቀየርኩ። በሕይወቴ እንዲህ ተጣድፌ አላውቅም።

«ቆስጣው ምን ሆነ?»

«ውሻ ገብቶ ተንከባለለበት።»

«በሩ ተቆልፎ በየት ይገባል?»

«በአጥሩ ሥር።»

መደቡን አየች። እኔን አየች። ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ። ማኘክ አልቻልኩም፣ ጠግቤያለሁ አልኩ።

ሚያዝያ 3

ከሥራ ስትመለስ የሽቦ ወንፊት ተሸክማ መጣች። ለውሻው። የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ተንበርክካ የአጥሩን ሥር ከዳር እስከ ዳር ዘጋችው። እኔ ፒንሳ አቀብላታለሁ።

«ለፍተህ ለፍተህ ማንም ውሻ አይጫወትብህም» አለች።

ውሻው እኔ ነኝ።

ሚያዝያ 4

እትዬ ማስመሪያ ዛሬ ስለ አትክልት አላወሩም።

«አይቼሃለሁ» አሉ። «ከትናንት ወዲያ። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ በርጩማ ላይ ቆሜ ስምህን ስጠራ ነበር። ግንቡን መዝለል አልችልም። በሩ ተቆልፏል። የባለቤትህ ስልክ የለኝም። እዚያ ብትቀር ቆሜ አይ ነበር።»

መሬት መሬት አየሁ።

«ነገርካት?»

«ብነግራት የመኝታ ቤቱንም በር ትቆልፈዋለች።»

«እሱ የእናንተ ጉዳይ ነው። እስከ እሁድ ማታ። ከዚያ እኔ እነግራታለሁ።»

ከበርጩማው ወረዱ። ራሳቸው ጠፋ።

ሚያዝያ 6

ጎመኑ ላይ ትል። በእጄ ለቀምኩ። አልነገርኳትም።

ሚያዝያ 7

ነገርኳት።

አጠገቤ ተንበርክካ ሽንኩርቱን እየኮተኮተች ነበር። ውሻ የለም፣ እኔ ነኝ የወደቅኩት አልኩ። እጇ ቆመ። እዚያ ላይ ላቆም ነበር ያሰብኩት፤ ምላሴ ግን ፍሬን በጠሰ። ሽታው። መናኸሪያው። ሳሙናው። ድልድዩ። አንዱ ፌርማታ። ሁሉንም።

ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ በቀስታ፦

«የልብስ ሰፊዋን ካርድ የማወጣላት እኔ ነኝ።»

አላወቅኩም ነበር። በየቀጠሮዋ በክራንች እዚያ መስኮት ላይ ትመጣለች ለካ።

«በመጣች ቁጥር ይቅርታ እላታለሁ። ባሌ አያውቅም ነበር፣ ቢያውቅ አይነዳም ነበር፣ ዝንብ የማይገድል ሰው ነው እላታለሁ። እጄን ይዛ እኔኑ ታጽናናኛለች። ስምንት ወር ሙሉ… አንተ ነህ ያስዋሸኸኝ።»

መኮትኮቻውን እንዳለ ትታው ገባች።

ሚያዝያ 9

ጠዋት ቆልፋ ሄደች። ትናንትም ዛሬም ለምሳ አልመጣችም። ምግቡን በፔርሙዝ ነው ያስቀመጠችው። እስከ ሰባት ሰዓት ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ስትመጣ አማርር ነበር…

ሚያዝያ 10

ማታ ራት ላይ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ሌላ ቅጂ አስቀርጬ ለእትዬ ሰጥቻለሁ። ይሄ ያንተ ነው።»

«ብወድቅስ?»

«መቼ እንደሚመጣ የማታውቅ መስሎኝ ነው የቆለፍኩት። አንድ ደቂቃ ካለህ፣ አንድ ደቂቃ ብዙ ነው። መሬት ትቀመጣለህ። አጠገብህ ላለው ሰው ትናገራለህ።»

«ለማያውቀኝም?»

«ለማያውቅህም።»

ይቅር ብለሽኛል ወይ አልኳት። ሳህኖቹን አነሳች።

«መጀመሪያ መጠየቅ ያለብህ እኔን አይደለም።»

ሚያዝያ 13

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። አልወጣሁም። ቲማቲሙ ድጋፍ ይፈልግ ነበር፣ እንጨት ተከልኩለት፣ በጨርቅ ቁራጭ ላላ አድርጌ አሰርኩት።

ሚያዝያ 16

ዛሬም አልወጣሁም። በመደቦቹ መሃል ድርቆሽ ጎዘጎዝኩ፣ እርጥበት ይይዛል። ቀጥሎ ምን ቀረ? ምንም አልቀረም። አረም እንኳ የለም። ከውጭ የሚቆልፍብኝ ሲጠፋ የቆለፈው ማን እንደሆነ ታየኝ።

ለእትዬ ማስመሪያ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ልሄድ ነው አልኳቸው። ቆስጣ ቢጤ ይዤላት ብሄድስ?

«ባዶ እጅህን ሂድ» አሉ።

ሚያዝያ 18

ሄድኩ። በእግሬ፣ ሃምሳ ደቂቃ። ግራ እጄን እያሻሸሁ። ሽታው አልመጣም።

ሱቋ ጠባብ ናት። ስፌት መኪናው ጥግ ላይ በአንሶላ ተሸፍኗል። መርፌ ይዛ የሱሪ ጠርዝ ትዘመዝማለች። አወቀችኝ።

«ይግቡ፣ ይቀመጡ። ጤናዎ እንዴት ነው? ባለቤትዎ ደኅና ናቸው?»

እንደቆምኩ ነገርኳት። አጭር ነው ሲነገር። ለካ አጭር ነው።

መርፌውን ሱሪው ላይ ሰካችው።

«አንድ ደቂቃ ነበረህ?» አለች። እርስዎ ስትለኝ ቆይታ እዚያ ላይ አንተ አለችኝ። ደግ አደረገች።

«ነበረኝ።»

«ባለቤትህም ታውቅ ነበር?»

«አታውቅም። እሷንም ዋሽቻታለሁ።»

ወደ መንገዱ አየች። አንድ ሰው ዚፕ ለማስቀየር መጣ፤ ነገ ና ብላ መለሰችው።

«ፖሊሶቹ ዘንድ ያለው ወረቀት ድንገት ነው ይላል» አለች። «እሱን ሄደህ አስተካክል። እኔ ጋ ማልቀስ ምንም አያደርግልኝም።»

«ሊያስሩኝ ይችላሉ።»

«ይችላሉ።» ሱሪውን አነሳች። «ሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል። አብሬህ እሄዳለሁ፣ በጆሮዬ መስማት አለብኝ። ቀስ ብለህ ነው የምትራመደው ግን። እኔ መፍጠን አልችልም።»

ሚያዝያ 21

እሁድ። ባለቤቴ ለነገ ሸሚዜን ተኮሰች። ነጩን። አንገትጌውን ሁለቴ ተኮሰችው።

ይህን ደብተር ማንም እንዲያየው ፈልጌ አላውቅም። ይህን ገጽ ግን ቀድጄ ለእሷ እተወዋለሁ።

ቲማቲሙን ጠዋት አጠጪው፣ ከሥሩ፣ ቅጠሉን አታርጥቢ። በቅርንጫፍና በግንድ መሃል የሚወጣውን ቡቃያ በጣትሽ ቀንጥቢው፣ ፍሬውን ይሻማል። ከቆስጣው የውጭ የውጩን ቅጠል ቁረጪ፣ ልቡን ተዪው፤ እስከ ክረምት ይሰጥሻል። ጎመኑን ገልብጠሽ ከሥር እዪ፣ ትሉ እዚያ ነው የሚደበቀው። ተረከዝሽን ቅባት ቀቢው።

ካሮቱ ገና ነው። ሲደርስ እኔን አትጠብቂ።