ለወጣት ተመራማሪዎች አቀባበል ተብሎ ስለታጨደው ረግረግ

ይድረስ ለተከበሩ ዶክተር ሰረቀብርሃን፣ የባሕር ዳርቻ ረግረግ ጥበቃ ማዕከል ዋና ዳይሬክተር፤ ኦክላንድ።

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም በወፍ ጩኸት የማይረበሽ ይሁን። እኔ የሐሴት እናት ያለምዘውድ ነኝ። ዓምና ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ድረስ መጥተው፣ «ተፈጥሮን በዳታ የሚያድን ወጣት ተመራማሪ አጣን፤ ልጆቻችሁን ስጡን» ብለው ሲማጸኑ፣ ልጄ ሳን ሆዜ ያገኘችውን የቴክ ሥራ ትታ ስለተከተለችዎ፣ ስለ ጥሪዎ ማማር በቅድሚያ አመሰግናለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ትዕግሥትዎ። ሐሴት ሄይዋርድ ዳርቻ ባለው ረግረግ ድምፅ መቅጃ ተክላ፣ ቀረጻውን በኮምፒውተር ስታጣራ፣ ለመጥፋት የተቃረበች አንዲት የረግረግ ወፍ እዚያ ሣር ውስጥ እንቁላል መጣል እንደጀመረች ደረሰችበት። ሣሩ ግን አዳዲስ ወጣት ተመራማሪዎችን ለመሳብ ላሰቡት ድግስ፣ ድንኳን ሊተከልበት፣ የሚታጨድበት ቀን ተቆርጦለት ነበር። «ቦታው ይቀየር» ብትልዎ፣ «ዳታው ገና ጥሬ ነው፤ ከድግሱ በኋላ እናየዋለን» አሏት። ወፏም እስከዚያ እንድትታገሥ ደብዳቤ አለመጻፍዎ ትሕትናዎን ያሳያል።

ሁለተኛ፣ ስለ አጨዳው ጠዋት። በመኪናዬ ያደረስኳት እኔ ነኝ። ስንደርስ የማጨጃው ትራክተር ሥራ ጀምሯል። ልጄ ወርዳ ሮጠች፤ ጭቃው እስከ ጉልበቷ እየዋጣት ከፊቱ ቆመች። ሾፌሩ በሞተሩ ጩኸት አልሰማትም፤ ማየቱንም እንጃ። ክላክሴን ሳላቋርጥ ነፋሁት። ትራክተሩ እጇን ብትዘረጋ በምትነካው ርቀት ላይ ቆመ። እኔም ከመኪናው ወርጄ ወደ እሷ ሄድኩ። ያኔ፣ ማን እንደነገረዎ እንጃ፣ እርስዎ ደወሉላት፤ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገችው። ደኅና ነሽ ወይ እንኳ ሳይሉ፣ «ሐሴት፣ አሁኑኑ ከዚያ ውጪ! አለዚያ ነገ እንዳትመጪ» አሏት። እሷም በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ «ሶሪ ጋሼ፣ እኔ ብወጣ ወፎቹ የት ይሄዳሉ?» አለችዎ።

ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና አብሯት ሣሩን ገለጥ ገለጥ አደረገ። አንዱ ጎጆ ከነእንቁላሉ ተጨፍልቋል፤ ሌላው ከጎማው በስንዝር ርቀት ተርፏል። ልጄ የተረፈው አላጽናናትም፤ ቅርፊቱን በመዳፏ ይዛ፣ «ትናንት መምጣት ነበረብኝ» እያለች አለቀሰች። ይህን ያየሁት እኔ ነኝ፤ እርስዎ ስልኩን ዘግተው ነበር።

ድንኳኑ ተዛውሮ መኪና ማቆሚያው ላይ ተተከለ፤ እርስዎም እዚያ ስለ ዳታ ኃይል ግሩም ንግግር አደረጉ አሉ። ልጄ «ከሰው ጋር መሥራት አትችልም» ተብላ ተሰናበተች። አብረዋት የገቡት ዮሚፍና ቤተልሔምም በሳምንቱ ለቀቁ። የማዕከሉ ሥራ ወጣት መሳብ እንጂ ማቆየት ስላልሆነ፣ ቅር አይበልዎ። ሦስቱም አሁን ከአጥሩ ውጭ ሆነው በራሳቸው መሣሪያ ይቀርጻሉ። ከተረፈው ጎጆ ጫጩቶች ወጥተዋል፤ ይህን የምጽፍልዎ ማንም እንዳልነገረዎ ስለገመትኩ ነው።

ልጇን በሙሉ እምነት ያስረከበችዎ፣ ከነሙሉ ጭቃዋ መልሳ የተረከበቻት፣ አክባሪዎ
ያለምዘውድ ገረመው
ሄይዋርድ

ማሳሰቢያ፦ «ወጣቶች ሆይ፣ ከእኛ ጋር ሥሩ» በሚለው አዲሱ ማስታወቂያዎ ላይ ፈገግ ብላ የቆመችው ልጄ መሆኗን አይቻለሁ። ፎቶውን ያውርዱልኝ አልልም። እሷን ፍለጋ የሚመጣ ወጣት ካለ ግን በር ላይ ያለውን ጥበቃ ይጠይቅ፤ እንዳያስገባት ስለታዘዘ ስሟን በቃሉ ያውቀዋል።