ሚስራን ላኪልኝ

ውድ ራቢያ፣

ባሕር ዳር ልጅሽ ዘንድ ከሄድሽ ወዲህ ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? የእኔው እንዳለ ነው። በስልክ ልነግርሽ አፌ አልደፈረምና ይህን በነገው መኪና በሚሳፈር ሰው ልኬልሻለሁ። ዙሪያ ጥምጥም አልወድም፤ ቀንቻለሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በአንቺና በልጅ ልጅሽ በሚስራ ቀንቻለሁ።

ሚስራና የእኔዋ የልጅ ልጅ ሠናይት እኔው ጠረጴዛ ላይ እንግሊዝኛ አጥንተው፣ ለአንድ የአሜሪካ ኮሌጅ አብረው አመለከቱ። ለውጭ አገር ተማሪ ትምህርቱንም፣ ማደሪያውንም፣ ምግቡንም የሚችል ኮሌጅ ጥቂት ነው። እሱ ካልተገኘ በእኔ የአስተማሪ ጡረታ አሜሪካ ቀርቶ እዚሁ አጠገባችን ወረታም አይደረስም። መልሱ ሲመጣ ለሚስራ ሙሉውን ሰጧት፤ ለሠናይት ምንም። የፈተና ውጤቷ ግን ከሚስራ ይበልጥ ነበር!

ምክንያቱ የገባኝ ሚስራ ተምር ይዛ ደስታዋን ልትነግረኝ የመጣች ዕለት ነው።

«በቪዲዮ ሲጠይቁሽ ምን አልሽ?» አልኋት።

«የአባቴን ሱቅ ከመዘጋት ያዳንሁት እኔ ነኝ አልኋቸው፣ እማማ። እውነትም ነው!»

«ጉድ ነው! ነጋዴ ራሱን ሲሸጥ ገና ዛሬ አየሁ።»

ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። ተምሩን አስቀምጣ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ በደጄም አታልፍ።

ሠናይትን ግን በዚያው የቪዲዮ ጥያቄ «በምን ትኮሪያለሽ?» ሲሏት አንገቷን ደፍታ «ምንም የለኝም» አለች። እንዲህ አድርጌ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ሰው ራሱን አያሞግስም፣ ሌላው ያመስግነው ተብለን በአርጩሜ ተምረናል። አሁንም ነውር ይመስለኛል። ግን ሌላ ኮሌጅ ለሚቀጥለው ማክሰኞ ቀጥሯታል፤ ከዚህ በኋላ ዘንድሮ ሌላ ዕድል የላትም።

ትናንት ላለማምዳት ተቀመጥን።

«እማምዬ፣ በምን ጎበዝ ነኝ ልበል?» አለችኝ።

«አንቺው እወቂው እንጂ!»

«አንቱ ነግረውኝ አያውቁም። ከየት ልወቀው?»

ያኔ ትዝ አልሽኝ። አንቺ ሱቁ ደጃፍ ላይ፣ ገዢ እየሰማ፣ ሚስራን «አንበሳዬ» ስትያት እሰማ ነበር። ልጅ ታበላሻለች እያልሁም አማሽ ነበር። የቀናሁብሽ በአሜሪካው አይደለም ራቢያ፤ በዚያች ቃል ነው።

እባክሽ ደውለሽ ሚስራን ላኪልኝ። እኔ ብጠራት አትመጣም፤ አንቺ ካዘዝሻት አትቀርም። ስትመጣ ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ እንግሊዝኛዋንም አላርምም፣ ጓሮ እቀመጣለሁ። ሠናይትን ስለ ራሷ መናገር ታለማምዳት። ጋፋት ያሉትን የገበሬ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ሒሳብ እንደምታስጠና ትናገር። ወንዛዬ ፍል ውኃ ስንሄድ ሙቀቱን ከምንጩ ጀምራ እየለካች፣ አሮጊቶች ሳይቃጠሉ የሚቀመጡበትን ድንጋይ እንደለየችልን፣ ዛሬም እዚያው እንደምንቀመጥ ትናገር። ይህን ሁሉ አይቻለሁ፤ አይቼ ዝም ብያለሁ።

ይህን ሁሉ ለሚስራ ንገሪያት። በሠናይት እንደምኮራ ግን አትንገሪብኝ። እሱን ለሠናይት ራሴ እነግራታለሁ፤ ዛሬውኑ፣ ሚስራ ሳትቀድመኝ።

ቅናቷን ያልደበቀችሽ ጓደኛሽ፣
ፈንታነሽ
ከደብረ ታቦር