ለቾልጉ ሳል የተለቀመ ኦሚጃ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለቾልጉ፤

በዚያ በጀርመን ምድር ሥር እንደምን ሰነበትክ? ሳሉስ ተወህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እኔ እኅትህ ቡንኔ፣ እናታችንም፣ ቤተሰቡም በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ስል ግን እጄ እምቢ አለኝ።

ባለፈው ደብዳቤህ አባባ ለምን ዝም አሉ ብለህ ጠየቅህ። እማማ፣ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ሐሳብ ከገባው አለት ይናድበታል እያሉ እንዳልነግርህ ለምነውኝ ነበር። ጥያቄህን ሳነብላቸው ፊታቸውን በቀሚሳቸው ሸፈኑና፣ "እንግዲህ ንገሪው" አሉኝ። ወንድሜ፣ ልብህን ጠንከር አድርግ። አባታችን ዐርፈዋል።

ሳል እንደያዘህ ከሰሙ ወዲህ ወሬያቸው ሁሉ ለሳል የሚበጀው የሐረግ ፍሬ፣ ኦሚጃ፣ ሆኖ ነበር። የመከር በዓል እንዳለፈ ቅርጫት አዝለው ወደ ጫካው ተነሡ። ጎረቤታችን ማንሶክ በር ላይ አግኝቷቸው፣ በዚህ ዕድሜዎ ሐረግ ተከትለው ዛፍ ለዛፍ ሊንጠላጠሉ ነው ወይ ብሎ ቀለደባቸው። እሳቸውም፣ "ልጄ መሬት ውስጥ እየገባ እኔ ተራራ መውጣት ያቅተኛል?" አሉት።

ከሰዓት በኋላ ብርዳም ዝናብ ወረደ። ሲመሽ በስብሰው መጡ። ካፖርታቸውን አውልቀው ቅርጫቱን ሸፍነውበት ነበር፤ ቀያዩ ፍሬ አንድም አልረጠበም። ብርዱ ግን ደረታቸው ላይ ወረደ። የከተማው ሐኪም መጥቶ መርፌ ቢወጋቸውም ትኩሳቱ አልለቅ አለ። ፍሬው ጥላ ውስጥ መሰጣቱን ደጋግመው ጠየቁን። ኋላም ፈገግ ብለው፣ "መድኃኒት ነው ብላችሁ እንዳትልኩለት፤ ከልጅነቱ መድኃኒት ሲባል ይሸሻል። ሻይ ነው በሉት" አሉ። ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም።

ከአያታችን ጎን ቀበርናቸው። የበኩር ልጅ የሐዘን ልብስ ለብሶ በአንተ ቦታ የቆመው የአጎታችን ልጅ ሳንግዶ ነው። ደግ አደረገ፤ እኔ ግን እሱን ባየሁ ቁጥር ዐይኔ አንተን ይፈልግ ነበር።

በእኔ ሳል ሞቱ እያልክ ራስህን እንዳትበላ። ማንም አልላካቸውም። ውልህን ሳትጨርስ ልምጣ እንዳትልም እማማ አደራ ብለውሃል። ፍሬውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አሳድረው እንጂ አታፍላው፤ ይመርሃል።

ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል። ልጄ ሱንዶክ አጎቴ ጀርመን ምን ይበላል ትላለች። ማንሶክ ስምህን ሲጠራ ዕንባ ይቀድመዋል። እማማ ግንባርህን ስመውሃል፤ ከእንግዲህ ፖስታው ላይ የእሳቸውን ስም ጻፍ ይሉሃል። ፖስተኛው የአባባን ስም በር ላይ ሲጠራ መስማት አልቻሉም።

እኅትህ ቡንኔ

ኢንጄ፣ ካንግዎን፤ በአሥረኛው የጨረቃ ወር፣ እ.ኤ.አ. 1971