ከአንገትህ በታች ያለው ሰው

ውድ ወንዳፍራሽ፣

ፊደል የቆጠርኩት አንተ ከሄድክ በኋላ፣ በልጃችን በሔለን የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ነው። ስለዚህ ይህ የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ነው። ፊደሌ ቢጣመም ታገሠኝ።

ሔለን ወልዳ፣ ዓለም ገና ከተማ እኔ ቤት አራስ ናት። እሑድ ዕለት ከምትሠራበት ፋብሪካ ጂቱ የምትባል የሱሉልታ ሴት አራስ ልትጠይቅ መጣች። ልጁን ታቅፋ፣ ይኼ አፍንጫ ደግሞ ከየት ተበደራችሁት እያለች በሔለን ስታሾፍ ቆየች። ሔለን እየሳቀች ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶህን አሳየቻት። ጂቱ ቀና አለች። ሳቋ ቆመ። ልጁን ለእናቱ መልሳ ወደ ፎቶው ተጠጋች፤ የምታየው ግን ፊትህን አልነበረም፤ ፎቶው ላይ ያለውን እጅ ነበር።

«ይኼን ጣት የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለች።

አንተ ፎቶውን አታውቀውም። መርዶህ ሲመጣ ቤት የነበረችው አንዲት የመታወቂያ ጉርድ ፎቶህ ብቻ ናት። ከመሄድህ በፊት አብረን እንነሳ ብለህ ሰበታ ፎቶ ቤት በር ላይ ስታቆመኝ፣ ለምን ትዘምታለህ ብዬ ተቆጥቼ ጥዬህ ሄድኩ። ያንን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። አባትህ ደግሞ ወታደር በሸሚዝ ፎቶ አይለቀስለትም አሉ። ጉርዷን አዲስ አበባ ወስደው፣ ፎቶ አንሺው ጭንቅላትህን ከአንድ ወታደር አካል ጋር ገጥሞ አሳደገልን። ያኔ እንዲህ የሚያሠራው ብዙ ነበር። ጉርዷ አልተመለሰችም። ለቀስተኛው ሁሉ በዚያ ፎቶ አለቀሰልህ።

ቀበቶው ላይ ያረፈው እጅ ትንሿ ጣቱ ግማሽ ናት። ያንተ እንዳልሆነች አውቅ ነበር። ሔለን አድጋ ስትጠይቀኝ ግን ጦርነት ላይ ተቆርጣ ነው አልኳት፤ ትምህርት ቤት ሄዳ ኮራችበት። ያ አካል የአንዲት እናት ልጅ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ከጋዜጣ የተቆረጠ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ለካ አካሉ የጂቱ ወንድም ነው። ጂሬኛ ይባላል። በልጅነታቸው ሣር ሲያጭዱ ማጭዷ ስቶ ጣቱን አገኘው። እሱም እዚያው ጦርነት ላይ ቀረ። እናቱ የነበረቻቸውን አንዲት ፎቶ እንዲያሳድግላቸው ለዚያው ፎቶ ቤት ሰጥተው፣ ጠፋች ተብለው ተመለሱ።

ጂቱ ፎቶውን ስጡኝ አላለችም። «እናቴ አርጅታለች፣ እትዬ» ብቻ አለች። አንተን ለማንም አልሰጥም ልል ነበር። በማግስቱ ግን ፎቶውን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌህ ሱሉልታ ሄድኩ።

እናቱ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ፎቶውን ጉልበታቸው ላይ አኖርኩላቸው። ጣታቸው መስታወቱን እየዳበሰ ሄዶ ያቺ እጅ ላይ ቆመ። ከዚያ ነጠላቸውን አውልቀው ፊትህ ላይ ጣሉትና፣ ከአንገትህ በታች ላለው ልጃቸው ማልቀስ ጀመሩ።

ወንዳፍራሽ፣ ፊትህን ሲሸፍኑት ገና ያን ጊዜ የሞትክ መሰለኝ። ልነጥቃቸው እጄን ዘርግቼ ነበር። ግን እኔስ ይህን ሁሉ ዓመት ልጃቸውን ያለ ፊት ሰቅዬው አልኖርኩም? እጄን ሰበሰብኩ።

ልቅሷቸው ሲበርድ ነጠላውን ገልጠው ረጅም ጊዜ አዩህ። «መቃን ኢሳ ኤኙ?» አሉኝ፤ ስሙ ማን ነው ማለታቸው ነው። ነገርኳቸው።

«ወንዳፍራሽ» ብለው ደገሙት። «ይኼን ሁሉ ዘመን ልጄን ብቻውን አልተወውማ።»

መልሰው አልሸፈኑህም። ላንተም እንደ አዲስ አለቀሱልህ፤ በስምህ እየጠሩ።

እዚያው ትቼህ መጣሁ። ሔለን ስለ ጣቱ ስለዋሸኋት ገና በቅጡ አታናግረኝም። ልጁ ክርስትና እንደተነሣ ሁለቱንም ይዣቸው ሱሉልታ እመጣለሁ። እስከዚያው ጂሬኛንም ሰላም በልልኝ።

ሚስትህ የወይንሐረግ