የኋላው ብቻ ተቀየረ

ለተከበሩ ታላቅ ወንድሜ ለአያ ላቀው እጅጉ፣
ድሬዳዋ።

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? የድሬዳዋ ሙቀትስ እንዴት ይዞዎታል? ባለቤትዎ እትዬ መታሰቢያ ደኅና ናት? ትንሹ ልጅዎ መሐሪ ጥርስ አወጣ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ደኅና ነን ማለቴ የደብዳቤ ወግ ሆኖብኝ ነው እንጂ የእናታችን ቀኝ እጅ ታስሮ ከተቀመጠ ወር ሊሞላው ነው። ለላቀው እንዳትነግሪው፣ በሰው አገር ሆኖ ይጨነቃል ብላ አስምላኝ ነበር። መሐላውን ስላፈረስኩት ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ፤ ለእርስዎ ግን ሳልነግር አልቀርም።

ይህን ሁሉ እርስዎ እያልኩ መጻፌን ልብ ይበሉልኝ። አሥራ አራት ዓመት የሚበልጠኝን ሰው አንተ እያልኩ አላደግሁም። ቁጣዬ ግን አንተ የሚያሰኝ ነው። በስልክ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር፤ ገና መኪናዋ ከማለቴ ኔትወርክ የለም ብለው ዘጉብኝ። ደብዳቤ መሀል ላይ አይዘጋም ብዬ ብዕር አነሳሁ።

የላኩልን ዲፍረንሻል፣ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ማርሽ፣ መስቀል ባለፈ በሳምንቱ በጆንያ ተጠቅልሎ ደረሰን። አሮጌዋ ላንድክሩዘራችን ከቆላው ወደ ቡሬ በርበሬ ጭና ስትወጣ እንደምታቃስት የነገርኩዎት እኔው ነኝ፤ እርስዎም ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት የሚሰጥ አገኘሁልሽ ብለው ነው የላኩት። ያኔ ስንት መረቅኩዎት። ወስጄ ለናሁሰናይ ሰጠሁት፣ እዚህ ሳሉ የመካኒክነት ሥራ ላስተማሩት። የአሮጌውንም የአዲሱንም ማርሽ ጥርስ በጠመኔ እያመለከተ ቆጠረ። የአሮጌው ትልቁ ሠላሳ ሰባት፣ ትንሹ ዘጠኝ። የአዲሱ ትልቁ ሠላሳ ዘጠኝ፣ ትንሹ ስምንት። እንደገና ቆጠረና ስልኩን ይዞ ወጣ። ሲመለስ ያዘዝኩለትን ሻይ እንኳ ሳይጠጣ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ገጥሞ ሰጠኝ። የደወለው ለእርስዎ እንደነበር እኔ ምን አውቄ።

ሐቁን አልክድም፣ ዳገት ላይ ጎበዝ ሆነች። በአንደኛ ማርሽ እያለቀሰች የምትወጣውን በሁለተኛ ወጣችው። ወደ ፍኖተ ሰላም በአስፋልቱ ስሄድ ግን ሞተሯ ይጮኻል እንጂ አትሄድም፤ ቆጣሪዋ ሰማንያ ሲል እሷ ሰባ አትሞላም፣ ሚኒባሱ ሁሉ ጥሩንባውን እየነፋ ያልፈኛል። ለዳገት ብለን የገባንበት ነው ብዬ ቻልኩት።

ኅዳር ሚካኤል ባለፈ በሦስተኛው ቀን ያለጊዜው ዝናብ ጣለ። እናታችን ቆላ አክስታችን ዘንድ ሰንብታ ስለነበር እሷንና አሥራ ሁለት ጆንያ በርበሬ ይዤ ስወጣ ጭቃው ያዘን። እርስዎ እንዳስተማሩኝ የፊቱን ጎማ ማርሽ አስገባሁና በአራቱም ጎማ እየገፋሁ ወጣሁ። ከጭቃው ወጥተን፣ የፊቱን ገና ሳላወጣ፣ ድንጋያማው ላይ ሃምሳ ሜትር ሳንሄድ ከመኪናዋ ሥር አንድ ነገር ጓ አለ፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይዞርም። ጭነቱ ወደ ኋላ ጎተተን። ፍሬን ረግጬ፣ ጎኗን ከመንገዱ ዳር ካለው አፈር አስደግፌ አቆምኳት። ከበታች ያለውን ገደል እርስዎ ያውቁታል። እናታችን ልትደገፍ እጇን ስትዘረጋ አንጓዋ ተሰበረ። ወጌሻ አሰረላት፤ እስካሁን ነጠላዋን እንኳ ራሷ አታጣፋም።

በማግስቱ አባታችን ደወሉልዎት። አጠገባቸው ቆሜ ስለነበር ድምፅዎ ይሰማኝ ነበር። መኪናዋን ምን ሰበራት ብለው ጠየቁዎት። እርስዎም የሴት እጅ ነው የሰበራት፣ ቁልፉን ተቀብለው ሹፌር ይቅጠሩ ብለው መለሱ። አባታችን ቁልፉን ከእጄ ተቀብለው ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አሰሩት። ሲሰግዱ ከመስቀላቸው ጋር ሲጋጭ እሰማዋለሁ። እኔም ደግሞ አመንኩ፤ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። የእናቴን እጅ የሰበርኩ እኔ ነኝ እያልኩ፣ ስታዘኝ ቀና ብዬ ሳላያት፣ አንገቴን ደፍቼ ሰነበትኩ።

በበዓታ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ናሁሰናይ ጠብቆ ሁሉንም ነገረኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የፊቱ ሠላሳ ሰባት ለዘጠኝ እንደሆነ የኋላው ብቻ ከተቀየረ፣ አራቱን ጎማ ባንድነት ያሠሩ ዕለት ፊቱና ኋላው እኩል መሄድ አይችሉም፤ ጭቃ ላይ እየተንሸራተቱ ቢቻቻሉም ደረቅ መሬት ሲይዙ መሀል ያለውን ማርሽ ይሰብሩታል አለኝ። ለእርስዎ ደውሎ ይህንኑ ቢጠይቅ፣ አውቃለሁ፣ የፊቱን እስካገኝ ዝም በል፣ ከሰማች ትፈራለች፣ እሷ ከፈራች መኪናዋ ትቆማለች አሉት። መምህሩ ነዎትና ዝም አለ። እሱን ረግሜ ጨርሻለሁ፤ የቀሩኝ እርስዎ ነዎት።

ሁለት ቃል ይበቃኝ ነበር፤ የፊቱን አታስገቢ። ጭቃውን በአካፋ ዝቄ እወጣው ነበር። ፈሪ ያሉት ማንን ነው? ከአጨዳ በኋላ ሜዳው ላይ አውጥተው መሪ ያስጨበጡኝ እርስዎ አይደሉም? ጎረምሶቹ ሲስቁብኝ፣ ይህች ልጅ ከእኔ የተሻለ እጅ አላት ያሉት እርስዎ አይደሉም? ያንን ያለ አፍ ነው ዛሬ የራሱን ጥፋት በእጄ ያላከከው። ወንድሜ ሆይ፣ መኪናዋ ብትሰበር ትጠገናለች፤ አባቴ ዓይኔን ማየት መተዋቸውን ግን በምን እጠግነዋለሁ?

ናሁሰናይ ጸጽቶት አሮጌውን ዲፍረንሻል መልሶ ገጥሞ፣ ለተሰበረውም ማርሽ ከወደቀ መኪና ምትክ ፈልጎ ጠግኗታል። ከደጅ ቆማለች፤ ዶሮዎቹ ከሥሯ ያርፋሉ። በገብርኤል ማግስት ረዳ የሚባል ሹፌር ከፍኖተ ሰላም መጥቶ ሊረከባት ነው። እኔ መንጃ ፈቃዴን በኪሴ ይዤ ለእሱ ውኃ ላቀብል? ለአባታችን ልንገር ብል ደግሞ ታናሽ ታላቋን ከሰሰች ይባላል፤ በእኛ ቤት ያ ነውር መሆኑን ያውቃሉ። ስለዚህ ከገብርኤል በፊት ደውለው እውነቱን በራስዎ አፍ ይንገሩ ብዬ ደብዳቤውን ልዘጋ ነበር።

እዚህ ላይ ስደርስ አባታችን ገቡ። ከዚህ ቤት የሚወጣ ደብዳቤ ለእሳቸው ሳይነበብ አይታሸግም፤ ልማዳችንን ያውቁታል። አንብቢ ብለው ተቀመጡ። ሰላምታውን አነበብኩ። የቀረውን ዘልዬ የአዝመራ ወሬ ልፈጥር እችል ነበር፣ እሳቸው ፊደል አይለዩም። ግን አልዘለልኩም፤ አንድ ቃል አላስቀረሁም።

 ሲያልቅ የጥርሱን ቁጥር ድገሚልኝ አሉ፤ ደገምኩላቸው። ፈጣንና ዘገምተኛ በሬ ባንድ ቀንበር የጠመደ ሰው ቀንበሩን ይሰብራል፤ ላቀው ይህን አያጣውም፣ አምስት ክረምት አብሮኝ አርሷል አሉ። ቋጠሮው አልፈታ ቢላቸው ቁልፉ የታሰረበትን ክር በጥርሳቸው በጥሰው ቁልፉን ከዚህ ወረቀት ላይ አስቀመጡት። ለረዳም እንዳይመጣ ደውዪለት አሉኝ። ለእርስዎ ደግሞ፣ የፊቱን ዲፍረንሻል ሲያገኝ በጆንያ እንዳይልከው፣ ራሱ ተሸክሞ ይምጣና የእናቱን እጅ ይየው ብለዋል።

እትዬ መታሰቢያ አልበደለችኝምና ለእሷ ሰላምታዬ ሙሉ ነው። መሐሪን ሁለት ጉንጩን ሳሙልኝ። ናሁሰናይ እሱም ሰላም ይልዎታል፤ በአፉ ሳይሆን አንገቱን በመድፋት። እናታችን መሐላሽን በላሽ ብላ እየተቆጣችኝ ነው፤ እርስዎን ግን ደኅና በሆነው በግራ እጇ አቅፋ ትስምዎታለች። አባታችንን ሰላምታስ ብላቸው፣ ሲመጣ አሉኝ።

እኔ ነገ ጠዋት ወደ ቆላ እወርዳለሁ። ጭቃ ከያዘኝ የፊቱን አስገባለሁ፤ አሁን ፊቱና ኋላው እኩል ናቸው።

ታናሽዎ ያምሮት እጅጉ
ቡሬ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.