ሽብሩን ሁለቴ አልቀብርም

ሆሳዕና፣ ጥቅምት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰሎሜ ሽብሩ
አዲስ አበባ

እንደምን አለሽልኝ የኔ ልጅ? እኔ ጉልበቴ ከማስቸገሩ በቀር ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን። ሰላምታው ይኸው ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ቁጣ ነው። ስልክ ላይ ስቆጣ "ኔትወርክ እምቢ አለ" እያልሽ ስለምትዘጊብኝ ጻፍኩት።

የምትጽፊው የቴሌቪዥን ኮሜዲ ሲጀምር አባትሽን ለአገር መሳቂያ አደረግሽው ብዬ አኩርፌሽ ነበር። ራዲዮ ፈትቶ ሲገጥም አንድ ብሎን የሚተርፈው፣ መዝሙሩን ከጉባኤው ሁሉ ዘግይቶ የሚጨርሰው ሰውዬ፣ ስሙን ብትለውጪውም ሽብሩ ነው። ግን እሁድ በመጣ ቁጥር ቤቴ ጎረቤት ይሞላ ጀመር። ልጇ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ድምፁ የጠፋባት ትርፊት እንኳ ጥርሷን ያየነው በዚያ ሰውዬ ነው። እኔም ሳቅሁ። አባትሽን ከቀበርን ወዲህ በዚህ ቤት ሳቅ የሚሰማው እሁድ ማታ ብቻ ነው።

ባለፈው እሁድ ሰውዬውን ሆስፒታል አስተኛሽው! በማግስቱ ትርፊት በሽተኛ ልትጠይቅ ቆጮና አይብ ይዛ መጣች። እህት ጵርስቅላም የጸሎት ቡድኗን አስከትላ ገባች። "እናንተ ሰዎች፣ ቴሌቪዥን እኮ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

"ታዲያ አንቺ ምን ያስለቅስሻል?" አለችኝ ትርፊት።

ተንበርክከው ጸለዩለት። እኔም አሜን አልኩ፤ ምን ላድርግ?

ወንድምሽ ሱራፌል ግን በሚቀጥለው ክፍል እንደምትገድይው ነገረኝ። "ተመልካች ማልቀስም ይፈልጋል" አልሽው አሉ። የትኛው ተመልካች? እዚህ ለቅሶ ጠፍቶ ነው? አንድ የሚያስቀን ሰው ቢኖረን እሱንም ልትነጥቂን! እኔ ሽብሩን ሁለቴ አልቀብርም።

ደግሞ አልጋው አጠገብ ሴት ልጁን እጁን አስይዘሽ አስቀምጠሻል አለኝ። ያኔ ገባኝ። ከቀብሩ ወዲህ ቤት መምጣት የፈራሽውም ለዚህ ነው። ሰሎሜ፣ አባትሽ ያረፈ ቀን መንገድ ተዘግቶ ነው ያልደረስሽው፤ ማንም አልወቀሰሽም። አባትሽም አልወቀሰሽም። የመጨረሻ ቃሉን ከራስሽ እየፈጠርሽ ለተዋናይ አትስጪ። ማወቅ ከፈለግሽ ነይና ከአፌ ስሚው። ለጊዜው ይህን ብቻ እወቂ፤ ሐኪሙ ፊት ያሳቀኝን ነገር ነው የተናገረው።

ጌታ እጅሽን ይባርክልኝ። ሰውዬውን ከሆስፒታል አውጥተሽ ወደ ቤቱ መልሺው። አንቺም ነይ።

የተቆጣችው እናትሽ
ሂሩት